ምርኩዝህን ጣልልኝ

«እማ ዓዲላ፣ አንቱን ላስቸግር ነው የመጣሁት» አለች ሙና፣ የሱቁን ደፍ ተሻግራ ሳትቀመጥ።

ከሚሴ ገበያ ዳር ያለችው የዓዲላ ሱቅ ጠባብ ናት። ሽርጥና ሻሽ እስከ ጣሪያዋ ተደርድሮባታል። ዓዲላ የያዘችውን ጨርቅ አጥፋ አስቀመጠችና ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። ሙና በከተማው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ከድሬዳዋ ተመድባ መጥታ ቤት ስትይዝ፣ ሚስቱ የሞተችበትን አባቷን ዩሱፍን አብራ ይዛው መጥታለች።

«አስቸግሪኝ፣ ምን ገዶኝ» አለች ዓዲላ።

«አባቴ ነው። ትናንት ደግሞ መስጊድ ውዱእ ሲያደርግ አዳለጠው። አላህ ጠብቆት ክርኑ ብቻ ተላጠ። ምርኩዝ ገዛሁለት፣ አልይዝም አለ። ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ገዛሁለት፣ የበሽተኛ ጫማ ነው ብሎ አልጋ ሥር ወረወረው። መጸዳጃው ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት አስተከልኩለት፣ እንግዳ ቢያይ ምን ይለኛል እያለ ፎጣ ይሰቅልበታል። አንድ ቀን አጥንቱ ተሰብሮ ላገኘው ነው፣ እማ ዓዲላ። እንቅልፍ አጣሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልሽ?»

ሙና አቀርቅራ ፈገግ አለች። «እሱ የሚሰማው አንቱን ብቻ ነው። ‹ዓዲላ ያዝ ካለችኝ እይዛለሁ› ብሎኛል በገዛ አፉ።»

አርባ ዓመት ሙሉ ስትለምነው የኖረችውን ነገር የጠላቷ ልጅ በሁለት እጇ ይዛ ደጇ ድረስ አመጣችላት።

«ለእኔ ተይው» አለች ዓዲላ። «እኔ እነግረዋለሁ።»

ሙና ትከሻዋን ስማ፣ እየመረቀች ወጣች። ዓዲላም ልቧ እንደ ልጃገረድ ልብ ሲመታ ሰማችው። ፍቅር ግን አልነበረም። ወይም እሷ ፍቅር አይደለም ብላ ነበር።

*

ዓዲላ የቀጥቃጭ ልጅ ናት። አባቷ አብዶ ጨፋ ሮቢት ገበያ ጠርዝ ላይ ወናፍ ተክሎ ለሸለቆው ገበሬ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ሰው ነበር። ገበሬው ያለ እሱ ማረሻ አያርስም፤ አብሮት ግን አይበላም። ልጁንም ለልጁ አይጠይቅም። ዩሱፍ ደግሞ የሐጂ ዓብዱልመጂድ ልጅ ነው። ሐጂ ዓብዱልመጂድ ማለት በጨፋ ሸለቆ የታጨደ ማሽላ ሁሉ የሚገባበት መጋዘን ጌታ ናቸው።

ዩሱፍ ጎረምሳ ሳለ ያልደነዘዘ ማረሻ ይዞ ለማሳል ይመጣ ነበር። አብዶ ማረሻውን አገላብጦ ያየውና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ምላጭ ነው» ይለዋል። ዩሱፍ አፍሮ ይስቃል። ዓይኑ ግን ወናፍ የምትነፋውን ልጅ አይለቅም። የእሳቱ ወጋገን ፊቷ ላይ ሲወጣና ሲወርድ ያያል፤ እሷም እያየች እንዳላየች ትሆናለች። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ አንድ ክረምት ቦርከና ወንዝ ዳር «ዓዲላ ኮ» አላት፣ «የእኔ ዓዲላ» ማለቱ ነው። ሽማግሌ እልካለሁ ብሎም ማለላት።

ሽማግሌው ሳይመጣ መኸር ገባ። አብዶ የልጁን ፊት እያየ መቆየት አልሆነለትም። አንድ የገበያ ቀን ንጹሕ ሽርጡን ለብሶ፣ ሐጂ ዓብዱልመጂድን ሊያነጋግር ወደ መጋዘኑ የድንጋይ ደረጃ ወጣ። ዓዲላ ከገበያው መሀል ሆና ታይ ነበር። ሐጂው እንኳን ሊያስቀምጡት ሰላምታውንም አልመለሱለትም። «ቀጥቃጭ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ደጄን የሚወጣው?» አሉ፣ ገበያው ሁሉ እንዲሰማ። አብዶ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲል ደረጃውን ሳተው። ተንከባሎ ከታች ወደቀ። ዳሌው ሲሰበር ያሰማውን ድምፅ ዓዲላ እስከ ዛሬ ትሰማዋለች።

ገበያው ሳቀ። ዩሱፍ ከአባቱ ጎን ከደረጃው ራስ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሲያይ ቆየና ዞሮ ወደ መጋዘኑ ገባ።

ወጌሻ ቢመጣም አልሆነም። አብዶ መደቡ ላይ እንደተኛ ቀረ፤ ወናፉም ቀዘቀዘ። በልግ ሳይገባ ቀበሩት። ዩሱፍ አባቱ የመረጡለትን ልጅ አግብቶ ድሬዳዋ ወረደ። መጋዘኑን ኋላ ደርግ ወረሰው፣ ሐጂውም ሞቱ። ዓዲላ ደግ ሰው አግብታ ወለደች፣ ዳረች፣ ባሏንም ቀበረች። በየሶላቷ መጨረሻ ግን አንዲት ዱዓ አልቀረችባትም፤ ‹ያ ረቢ፣ ሲወድቅ አሳየኝ› የምትል።

*

ሙና ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር አረጋውያንን ሰብስባ ታስተምር ነበር። ከወንበር በእጅ ሳይደገፉ መነሳትን ታሳያለች። ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆምን ታለማምዳለች። ከመኝታ ሲነሱ መጀመሪያ አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ የዞረው ራስ ሲረጋ መቆም፣ ጫፉ የተጠቀለለ ምንጣፍ ማንሳት፣ የረጠበ ወለል ቶሎ ማድረቅ። ብዙዎቹ ይስቁባታል። የዓዲላ ጎረቤት ዘሊካ፣ «በዚህ ዕድሜያችን ስፖርት! መውደቅ እንደሆን ከአላህ ነው» ስትላት፣ ሙና፣ «ልክ ነዎት፣ እማ ዘሊካ። እርጥብ ወለል መተው ግን ከእኛ ነው» ብላ መለሰችላት።

ዓዲላ አንድም ማክሰኞ አልቀረችም። ቤቷም እንደ ትምህርቱ ሆነ። የተቀደደውን ምንጣፍ አወጣች፣ በረንዳው ላይ አምፖል አስገባች፣ ጉልበቷም ጠናላት። ሙና «ከሁሉም ጎበዟ ተማሪዬ» እያለች ለሌሎቹ ታሳያታለች። ሰውን ምን አቁሞ እንደሚያኖረው ዓዲላ አንድ በአንድ ተማረች። ምን እንደሚጥለውም አብራ ተማረች።

ሙና በጠየቀቻት ማግስት ዩሱፍ፣ ከሚሴ ከገባ ወዲህ እንደለመደው፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ሱቋ መጣ። ቁመቱ ዛሬም እንደ ድሮው ነው። ነጭ ጀለቢያውን ተኩሶ ለብሷል። ምርኩዙን የሰረቀው ዕቃ ይመስል ከኋላው ደብቆ ነው የያዘው።

«ነገያ፣ ዓዲላ?» አለ፣ ሰላም ነሽ ወይ ማለቱ ነው።

«ነገያ። ግባ።»

«ልጄ ልካብኝ ነበር አሉ።»

«ልካብህ ነበር።»

«እና ምን ትያለሽ?» ምርኩዙን ቀስ ብሎ ወደ ፊት አመጣው። «አንቺ ያዝ ካልሽኝ፣ ይኸው ይዣለሁ።»

‹ያዝ› የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ዓዲላ ቃሏን አፏ ላይ አድርጋ ትንሽ አቆየቻት። ከዚያ ዋጠቻት።

«እኔ የማውቀው ዩሱፍ» አለች እየሳቀች፣ «ማረሻ ተሸክሞ ቦርከናን የሚሻገር ጎረምሳ ነበር። ይሄ ዱላ ይዞ ደጄ የቆመው ሽማግሌ ማነው?»

የዩሱፍ ጆሮ ቀላ። «ልጄ እኮ ናት…»

«ልጅህማ ልጅ ናት፣ አባቷን እንደ ዕቃ ሸፍና ልታስቀምጥ ትፈልጋለች። እኔ ግን ባሌ የሚሆነውን ሰው በምርኩዝ ሲመጣ ማየት አልፈልግም። ጣልልኝ።»

‹ባሌ› የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ እሷ ራሷ ደነገጠች። ዩሱፍ ግን ፊቱ ሲበራ አየችው። ምርኩዙን የሱቁ ጥግ አስደግፎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ወደ መንገዱ ወጣ። ባጃጆቹ መሀል ቀጥ ብሎ እየተራመደ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ምርኩዙን አነሳችና ከጨርቅ ጣቃዎቹ ሥር ደበቀችው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀላል ሆነ። «ያ የቆዳ ጫማህ እንዴት ያምርብህ ነበር» ስትለው ሶሉ ያለቀውን ጫማ ማድረግ ጀመረ። «የወንድ ቤት ብረት ተይዞ ይገባበታል እንዴ?» ስትለው መያዣውን አስነቀለው። ሙና መጥታ ስታለቅስላት፣ «ነገርኩት፣ እምቢ አለኝ። ወንድ ሲያረጅ ግትር ነው» ብላ ዋሸቻት።

ሆኖም የዐስር አዛን ሲሰማ ዓይኗ ወደ መንገዱ መሄድ ለምዶ ነበር። ሳይመጣ የቀረ ቀን ወደቀ ይሆን ብላ ትደሰታለች፤ ደስታው ግን እራቷን አያስበላትም። ዩሱፍ ሱቋ ውስጥ ተቀምጦ የወናፉን እሳት፣ የቦርከናን ዳር፣ ያልደነዘዘውን ማረሻ እያነሳ ያስቃታል። ዓዲላ ለራሷ አንድ ቃል ገብታ ነበር፤ ስለዚያች የገበያ ቀን አንዲት ነገር ካነሳ እተወዋለሁ ብላ። ሁሉን ያወራል፣ ያቺን ቀን ግን አያነሳም። ወሬው ወደ መጋዘኑ ደረጃ በቀረበ ቁጥር ዞር ይልና ሌላ ያነሳል። ልክ እንደዚያን ቀን። በተወው ቁጥር ቂሟ እንደ አዲስ ይነዳል።

አንድ ቀን ‹ሽማግሌ ልላክ?› ብሎ ጠይቋት ሊሄድ ሲነሳ፣ «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ና» አለችው። «ሽማግሌ ከመላክህ በፊት መልሴን ራሴ እነግርሃለሁ። ደረጃዬን ግን ቀጥ ብለህ ውጣ። ጎረቤቶቼ ያዩሃል።»

*

የዓዲላ ቤት ዳገት ላይ ነው፤ ከመንገዱ ወደ በረንዳዋ በድንጋይ ደረጃ ይወጣል። ወሩ ነሐሴ ነበርና ጠዋት የጣለው ዝናብ ጭቃውን ሁሉ ደረጃው ላይ አውርዶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓዲላ ጠርጋ፣ አመድ ነስንሳ ታደርቀው ነበር። ያን ቀን መጥረጊያዋን አልነካችም። ዘሊካንና የሰፈሩን ሴቶች በረንዳዋ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ከደረጃው ራስ ላይ ቆመች። አዲስ ሻሽ አስራለች፣ ዓይኗን ተኩላለች። ሴቶቹ ለሙሽርነት መስሏቸው ይጠቃቀሳሉ።

ዩሱፍ ከታች ብቅ አለ። ነጭ ጀለቢያ፣ አዲስ ኮፊያ፣ ያ የቆዳ ጫማ። ቀና ብሎ አያትና ፈገግ አለ። ጀለቢያውን በአንድ እጁ ሰብስቦ መውጣት ጀመረ። ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም፤ እግሩን የሚጥልበትን አላየም። ‹ተመልከት› የሚል ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር፤ በጥርሷ ያዘችው።

እጇን ብትዘረጋ ልትይዘው የምትችልበት ቦታ ላይ ሲደርስ ጫማው ከዳው። አንድ ጊዜ አየሩን ጨበጠ፤ ከዚያ በጎኑ ወድቆ እስከ ታች ድረስ ተንከባለለ።

«ያ ረቢ!» ብለው ሴቶቹ ተነሱ። ዘሊካ ልትሮጥ ስትል ዓዲላ ክንዷን ያዘቻት።

«ተዪው! ማንም እንዳይነካው!»

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ዓዲላ ከላይ ሆና ቁልቁል አየችው። ነጩ ጀለቢያ ጭቃ ለብሷል። አንድ እግሩ ወደማይሆን ወገን ዞሯል። ደስታው መጣ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ መጣ! አርባ ዓመት እንደጠበቀችው ሆኖ፣ ትኩስ ሆኖ እስከ ራስ ቅሏ ወጣ።

«አየኸው?» አለችው። ድምጿ የራሷ አልመሰላትም።

«አየሁት።»

«ምንድን ነው ያየኸው? ንገረኝ!»

«አባ አብዶን» አለ ዩሱፍ፣ ጥርሱን ነክሶ። «አባ አብዶን አየሁት።»

«ስሙን ታውቀዋለህ ለካ!»

«ረስቼው አላውቅም፣ ዓዲላ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ያኔ ዝም! አሁንም ሱቄ ተቀምጠህ እየሳቅክ ዝም!»

«ምን ልበልሽ? ላነሳው አንድ እግሬን ወደ ደረጃው አውርጄ ነበር። አባቴ አየኝ፤ እግሬን መለስኩት። ፈራሁት። ይሄው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምክንያት ስፈልግለት አረጀሁ።»

ሴቶቹ ምንም አልገባቸውም። ዩሱፍ ክንዱን ጭቃው ላይ አስደግፎ ሊነሳ ሞክሮ አቃተው።

«ምርኩዙን ስታስጥይኝ» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ለምን እንደሆነ አውቄ ነበር።»

«አውቀህ? አውቀህ ለምን ጣልከው?»

«ግማሹን አውቄ ነው። ካንቺ እጅ ከሆነ ይሁን ብዬ። ግማሹ ግን…» ከንፈሩ በሕመም ገርጥቶ ፈገግ ሊል ፈለገ። «ግማሹ ላንቺ ጎረምሳ መምሰል አምሮኝ ነው።»

ከዚያ እግሩን ሊያንቀሳቅስ ሲል አንድ ድምፅ አወጣ። ሰው ሊውጠው ሲል የሚያመልጠው ዓይነት ድምፅ ነው። ዓዲላ ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ በአባቷ መደብ አጠገብ ከመኸር እስከ በልግ ሰምታዋለች። ያ ትኩስ ደስታ ባለበት ቀዘቀዘ። የዘሊካን ክንድ ለቀቀችና የሻሿን መፈታት ሳታስተውል፣ ደረጃውን በመቀመጫዋ እየተንሸራተተች ወረደች። «ሰው ጥሩ! መኪና! ሰው የለም ወይ?» እያለች ስትጮህ ዳገቱ ሁሉ ሰማት። ጭንቅላቱን አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እየረገመችው ነበር። እየረገመችው ግንባሩን ትጠርግለት ነበር።

*

ደሴ ወስደው ዳሌው ላይ ብረት አስገቡለትና ወደ ከሚሴ መለሱት። በተመለሰ ሰሞን ሙና ወደ ሱቁ መጣች፤ እንደገባች ጎንበስ ብላ የዓዲላን ጉልበት ልትስም ስትል ዓዲላ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምን ሆነሻል፣ ልጄ?»

«አባቴ ነገረኝ» አለች ሙና። «አንቱ ያዝ ብለው ስንት ቀን እንደለመኑት፣ እሱ ግን እንዳልሰማዎ ሁሉን ነገረኝ። የእሱን ግትርነት አንቱ ላይ አላክኬ ነበር፣ አውፍ በሉኝ።»

ዓዲላ የሱቋ ግድግዳ የጠበበባት መሰላት። ከዚያ ሰውዬ ምንም ብትጠብቅ ይሄን አልጠበቀችም። ወድቆም ይሸፍናታል! ዝም ብትል ማንም አያውቅባት ነበር። ግን ያ ዝምታ የማን እንደሆነ ታውቃለች፤ የመጋዘኑ ደረጃ ዝምታ ነው። ጎንበስ ብላ ከጣቃዎቹ ሥር ምርኩዙን አወጣችና ሙና ፊት አስቀመጠችው።

«አልለመንኩትም» አለች። «ያስጣልኩት እኔ ነኝ። ጫማውንም፣ ብረቱንም። እንዲወድቅ ፈልጌ ነው።»

ስለ አባቷም ሳትደብቅ ነገረቻት። ሙና ምርኩዙን እያየች ሰማቻት። ስትጨርስ ድምጿ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር።

«ማክሰኞ ማክሰኞ ፊት ለፊቴ ይቆሙ ነበር። ከሁሉም ጎበዝ ነበሩ። ያስተማርኩዎትን ሁሉ አባቴን ለመጣል ነው የተማሩት?»

«አዎ።»

«አባትዎን አላህ ይርሐማቸው። ግፍ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን ያን ጊዜ አልተወለድኩም፤ ልጅ ሆኜ የማውቀው ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያዞረኝን አባቴን ነው። እሱን ነው የሰበሩብኝ።» ምርኩዙን አነሳች። «ደጃችን እንዳይደርሱ።»

ዓዲላ የሱቋን በር በጠራራ ፀሐይ ዘጋች። ጨርቆቿ መሀል ተቀምጣ፣ አባቷ ከሞተ ወዲህ አልቅሳ የማታውቀውን ያህል አለቀሰች፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን መለየት አቃታት።

*

መስቀል አልፎ፣ ማሽላው ራስ ሲያወጣ፣ ሙና ተመልሳ መጣች። ከስታለች። ሰላምታም አላቀረበችም።

«ይቅር ብዬ እንዳይመስልዎ የመጣሁት» አለች ቆማ። «አይነሳም። ሐኪሙ ብረቱ ይዞለታል፣ በየቀኑ ይቁም ብሏል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ‹ተይኝ፣ ይገባኛል› ነው የሚለኝ። ጀርባው ሊቆስል ነው። ሳንባው ሊታመም ነው። ብለምነውም ባለቅስበትም እምቢ አለ። ያስተኙት አንቱ ነዎት፤ አንቱ ያስነሱት።»

ዓዲላ ሻሿን አጥብቃ አስራ ተከተለቻት።

ዩሱፍ ጢሙ አድጎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ ተኝቷል። ድምጿን ሲሰማ ትከሻው ተንቀሳቀሰ፤ ፊቱን ግን አላዞረም።

«ተመለሺ፣ ዓዲላ። ጨርሰናል።»

«ምኑን ነው የጨረስነው?»

«አባትሽ ተኝቶ ሞተ። እኔም ተኝቼ ልሙት። ልክ ነው።»

ዓዲላ ያ ንዴት ከእግር ጥፍሯ ሲነሳ ተሰማት፤ የምታውቀው፣ አርባ ዓመት ያኖራት ንዴት። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው።

«አባቴ ሊነሳ እየፈለገ ነው የሞተው! በየጠዋቱ ‹ዓዲላ፣ ደግፊኝ› ይለኝ ነበር። አቅፌ አነሳዋለሁ፣ ክንዴ ይዝላል፣ አብረን እንወድቃለን። ብቻዬን ነበርኩ! የሚደግፈው አንድ ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይቆም ነበር። አንተ ልጅህ ቆማ እየለመነችህ፣ አጥንትህ ተጠግኖልህ ትተኛለህ? ከእሱ ጋር እኩል ልትሆን? አልፈቅድልህም! ወላሂ አልፈቅድልህም። ከኢ!»

‹ከኢ› ማለት ‹ተነስ› ነው፤ አብዶ ወናፉ ዳር ደክሟት ስትቀመጥ በኦሮምኛ የሚያዛት ቃል። ሙና ከበሩ ላይ ደነገጠች። ዩሱፍ ቀስ ብሎ ፊቱን አዞረ፤ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«ጠርዙ ላይ ተቀመጥ መጀመሪያ» አለችው። «አትቸኩል። ራስህ ይዞርብሃል?»

«ይዞርብኛል።»

«ቆይ እንግዲያ።»

አልጋው ሥር ጎንበስ ብላ ያን የተወረወረ ጫማ ፈልጋ አወጣችው። አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ ተንበርክካ የሐጂ ዓብዱልመጂድን ልጅ እግር በእጇ ያዘች። እግሩ ቀዝቅዞ፣ ከስቶ፣ የልጅ እግር መስሏል። አንዱን አጠለቀችለት፣ ሌላውንም። ማሰሪያውን ስታጠብቅ እጇ ላይ እንባ ጠብ አለ።

«አታልቅስ» አለች ቀና ሳትል። «ወለሉ ይረጥባል።»

ሙና ከበሩ ላይ ሳትወድ በአፍንጫዋ ሳቀችና ፊቷን አዞረች።

ዓዲላ አልጋው አጠገብ የቆመውን ባለ አራት እግር የብረት ድጋፍ አቀረበችለት። «አሁን በእጅህ ተጫን። ወደ ፊት ዘንበል በል። ከኢ!» ዩሱፍ ተነሳ፤ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠና ክብደቱን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ዓዲላ አልተንገዳገደችም። የማክሰኞው ትምህርት ጉልበቷ ውስጥ ነበር።

ወደ በሩ ሄዱ። አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይተነፍሳል። ስትቆጣው ይሄዳል፤ ዝም ስትል ይቆማል። በሩ ላይ ሲደርሱ ብርሃኑ ፊቱን መታውና ዓይኑን ጨፈነ። ከቤቱ ወዲያ የጨፋ ማሽላ እስከ ቦርከና ድረስ ተዘርግቶ ይታይ ነበር።

«መልሴን ሳትነግሪኝ ቀረሽ» አለ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ለመልስ ነበር እኮ የጠራሽኝ።»

«ገና ተናድጄብሃለሁ።»

«እስከ መቼ?»

«አላውቅም። ብዙ ነው። ገና አልወጣልኝም።» የክንዱን መያዣ አጠበቀች። «አንተ ግን እስኪወጣልኝ ድረስ ቆመህ ጠብቀኝ።»

ዩሱፍ የብረት ድጋፉን በሁለት እጁ አጥብቆ ጨበጠ። ሙና ወንበር አምጥታ ከኋላው አስቀመጠችለት፤ እሱም ተቀመጠ። ለዓዲላ ግን ዓይኗን አላነሳችላትም፤ ዓዲላም አልጠበቀችባትም። ያ ሌላ ቂም ነው፣ የልጅቷ ነው፤ ተራውን ጠብቆ ይበርዳል ወይም አይበርድም።

ባጃጅ ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ ትከሻዋ ላይ የክንዱ ክብደት አብሯት ነበር። አባቷን በልቧ ጠራችው፤ ‹አባ፣ አልተውኩልህም› ልትለው ፈለገች፤ እውነትም አልተወችለትም። ቂሙ እዚያው ነው፣ አጠገቡ ግን ሌላ ነገር ተቀምጧል፤ ስም ልትሰጠው ፈራች።

ዳገቱ ሥር ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ከአርጎባ ተራራ ወዲህ እየመጣ ነው። ዓዲላ ሒሳቧን ከፍላ ወረደች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ ሲያርፉ ባለችበት ቆመች። ወንበሩ በሩ ላይ ነው። ሙና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የእሱን ትዕቢት ደግሞ ዓዲላ ታውቀዋለች፤ ማንንም ሳይጣራ ሊነሳ ይችላል። ደፉ ይረጥባል።

ሲወድቅ አሳየኝ ብላ አርባ ዓመት የለመነችበት ሰው እንዳይወድቅባት ፈራች።

«ልጄ!» ብላ የባጃጁን ነጂ ተጣራች። «መልሰኝ። ወደመጣሁበት መልሰኝ፣ ቶሎ በል።»

ሰው በጥላቻ ብቻ እንዲህ አይፈራም። በፍቅር ብቻም አይፈራም። ዓዲላ ባጃጁ ውስጥ ሁለቱንም ይዛ፣ የዝናቡን ድምፅ እየሰማች፣ ‹ያ ረቢ፣ እሱን አቁምልኝ› አለች።